በሰባ አንድ ላይ የያዝኳት ኳስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዝናብ። ዛሬ እረፍት ነው ብዬ ነበር... ሞኝ። በክፍያ ለሚጫወት ቅጥረኛ ዝናብ ማለት ክሪኬት የለም ማለት ነው እንጂ ሥራ የለም ማለት አይደለም። የሜዳውን ሳር የሚያስተካክለውን ከባድ መዳመጫ የሚጎትተው ፈረስ ታሟል። ስለዚህ ሲያባራ እኔና ጄፕሰን ፈረስ ሆንን። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳመጥን።

ኤሞስ ጄፕሰን አርባ አራት ዓመቱ ነው። በብርዱ ወራት ቤቱ ቁጭ ብሎ በሹራብ መሥሪያ መኪና ካልሲ ይሠራል፤ ሲሞቅ ለካውንቲው፣ ለአውራጃችን ቡድን፣ ኳስ ይወረውራል። ሃያ ዓመት ሙሉ። አምና ለልምምድ ሲወረውርልኝ “ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው!” እለው ነበር። ዛሬ አንድ እጀታ ለሁለት ያዝን።

“እርስዎ ይልቀቁት ጌታዬ፣ እጅዎ ይላጣል” አለኝ።

“ጌታዬ አትበለኝ። አሁን እንዳንተው ተቀጣሪ ነኝ።”

“እሺ ጌታዬ” አለ።

እጄ ተልጧል። ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ እንድነክረው መከረኝ። ነከርኩት። ወይ ጉድ! ያቃጥላል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የመጀመሪያው ጨዋታ። ከልማድ የተነሳ ቀጥ ብዬ፣ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ጌቶች ወደሚገቡበት ወደ መሃሉ ትልቅ በር ሄድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል። ፊቱ ቀላ። “ሚስተር ቶርሊ... ማለቴ... በዚያ በኩል ነው” አለና ከመጋዘኑ ጎን ያለችውን ትንሽ በር አሳየኝ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ በዚያች በር ገባሁ። ዝቅ ማለት ያስፈልጋል፤ አናቴን መታኝ።

የተጫዋቾች ስም ያለበት ወረቀት ታትሞ ሲሸጥ ሄስተር አንድ ይዛ ቤት መጣች። አምና “ሚስተር ኢ. ቶርሊ” ይል ነበር። ዘንድሮ “ቶርሊ” ብቻ።

“ቀለም ቆጥበዋል” አለች እህቴ።

እማማ አልሳቀችም። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አባዬ ባለፈው ኅዳር ሞተ። የእሱ ቢራ ፋብሪካም ለመክሰር ብዙ አልዘገየም። እኔ የማውቀው ሥራ የለም። የማውቀው በዱላ ኳስ መምታትና ከመቺው አጠገብ ቆሞ ኳስ መያዝ ነው። በነጻ ስሠራው ጨዋ ነበርኩ። ተከፈለኝ፣ አበቃ። ዱላው ያው፣ እጁ ያው... ማማረር አልወድም። አሁን ግን እያማረርኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሩፐርት ቻሊስ ከለንደን ተመለሰ። የቡድኑ አለቃ እሱ ነው። አንድ ክፍል ተምረናል፣ የአባቱን ጀልባ አብረን ሰብረናል፣ የተገረፍነውም አብረን ነው። በትምህርት ቤት ኤድ ይለኝ ነበር።

“ቶርሊ! ና እስቲ ወርውርልኝ” አለኝ።

“እሺ፣ ሚስተር ቻሊስ።”

ሁለታችንም ሳቅን። ቀድሞ ያቆመው እሱ ነው።

አንድ ሰዓት ወረወርኩለት። ወርዋሪ አይደለሁም፤ እሱም ያውቃል። ድሮም አንተ ይለኛል፣ ዛሬም አንተ ይለኛል። እኔ ነኝ እርስዎ ማለት የጀመርኩት። ብቻችንን ስንሆን ምን ልበለው? እንጃ። እስካሁን ብቻችንን ሆነን አናውቅም። ሁልጊዜ ሰው አለ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ሼፊልድ። ጌቶቹ በባቡሩ አንደኛ ማዕረግ፣ እኛ በሦስተኛ። የሦስተኛው መስኮት አይዘጋም። ጥላሸት በላን።

ዛሬ ያየሁት ነገር አምና መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሩፐርት ኳስ ወደ ላይ መታ፤ ከተጋጣሚዎቻችን ወገን አንድ ጌታ ሮጦ መሬት አጠገብ ያዛት። ኳሷ ሳር ሳትነካ ከተያዘች መቺው ወጣ፤ ሳር ከነካች ይቀጥላል። ከሩቅ አይለይም። ሩፐርት ዳኛውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

“ያዝከው?” አለ።

“ይዤዋለሁ።”

በቃ። ዱላውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ምሳ ላይ መጋዘን ውስጥ ዳቦና አይብ ስንበላ ይህንኑ አነሳሁ። ጄፕሰን በቢላዋ አይቡን እየቀረፈ “የእነሱ ቃል ዳኛ አያስፈልገውም” አለ። “እኔ ይዣለሁ ስል መጀመሪያ እጄን ያያሉ፣ ቀጥሎ ሳሩን፣ ቀጥሎ ዳኛውን።”

“እኔን ይጠይቁኛል” አልኩት።

“አምና፣ ጌታዬ” አለ። የሰደበኝ አይመስለኝም። እንዲያው ዓመቱን ሲነግረኝ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 25

አርባ ሦስት ሩጫ አስቆጠርኩ። ጋዜጣው “ቶርሊ በትጋት ተጫወተ” ይላል። አምና “በግርማ” ይል ነበር። ጋዜጠኛው ያው ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 4

ዝናብ። መዳመጫ። ፈረሱ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

በየዓመቱ የሚደረገው ትልቁ ጨዋታ፣ ጌቶች ከቅጥረኞች። ሦስት ቀን። ድንኳኖች ተተክለዋል፣ ሙዚቃ አለ፣ ሴቶቹ ጃንጥላ ይዘዋል። ስድስት ዓመት በጌቶቹ ወገን ተሰልፌ ተጫውቼዋለሁ። ዘንድሮ በወዲህ ነኝ።

እኛ ቀድመን መታን። ሃምሳ ሁለት አስቆጠርኩ። ስወጣ ጥቂት ጭብጨባ ነበረ፤ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ያልወሰኑ ሰዎች ጭብጨባ። የሩፐርት እናት አጨበጨቡ። እሳቸው ደግ ናቸው፣ ዓይናቸውም ደካማ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሩፐርት ሰባ አንድ ሩጫ ላይ ደርሷል። ጄፕሰን ወረወረ። ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነካ አድርጋ ዝቅ ብላ ወደ ግራዬ መጣች። ዘለልኩ። ሁለት ጣቶቼ ከስሯ ገቡ። ሳሩ እርጥብ ነበር፤ የእጄን ጀርባ አረጠበኝ። ኳሷ ግን መዳፌ ውስጥ ነበረች፤ ሳር አልነካችም። ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው። ማንን ለማታለል ብዬ እዋሻለሁ?

ተነሳሁ። ሩፐርት አየኝ። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ናት... “ያዝከው?” አፉ ሊከፈት ሁሉ መሰለኝ።

ዞር ብሎ ዳኛውን አየ።

“እህስ፣ ክሌግ?”

ክሌግ ድሮ እሱም ቅጥረኛ ነበር። አሁን ጉልበቱ አልቋል፤ በየዓመቱ ለዳኝነት የሚመርጡት ጌቶቹ ናቸው። ጫማውን አየ።

“በደንብ አልታየኝም... አልወጡም ጌታዬ” አለ።

ያኔ ነው ጉዱ የመጣው።

“ሩፐርት! ይዤዋለሁ እኮ!”

ሩፐርት አልኩ። ሚስተር ቻሊስ አላልኩም። ጮክ ብዬ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ሙዚቀኞቹ እንኳ ያቆሙ መሰለኝ፤ ምናልባት ዘፈኑ አልቆ ይሆናል።

ሩፐርት ጓንቱን አጠባበቀ። “ወደ ቦታህ ተመለስ፣ ቶርሊ” አለ። አልተቆጣም። ለአሽከር እንደሚነገር፣ በለሆሳስ።

ተመለስኩ። ሩፐርት መቶ አሥራ ስምንት አስቆጥሮ ወጣ።

ጄፕሰን አይቷል። ፊት ለፊቴ ነበር፤ ከእሱ የተሻለ ማንም ሊያይ አይችልም። መጥቶ ኳሷን ከእጄ ተቀበለ፣ በሱሪው ጠረጋት፣ ሄደ። ይዟልም አላለ፣ አልያዘምም አላለ። ተናድጃለሁ። በማን? በሩፐርት? በክሌግ? ሲገርም... ከሁሉም በላይ በጄፕሰን ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ተሸነፍን። መጋዘኑ ውስጥ ስለ ትናንቱ ነገር ያነሳ የለም። ስለ ዝናብ አወሩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ዌዘርቢ አስጠራኝ። አምና እዚያው ክፍል ወንበር ስቦ ሲጃራ ይሰጠኝ ነበር። ዛሬ ወንበሩ ላይ ባርኔጣው ተቀምጧል። አላነሳውም።

“በስሙ የጠራኸውን እንለፈው” አለ። “ልማድ ነው እንላለን። ቃሉ ግን ይከብዳል። ያልያዝከውን ይዣለሁ ብለህ ሚስተር ቻሊስን በሴቶች ፊት አታላይ አስመሰልከው።”

“ይዤዋለሁ።”

“ዳኛው አልወጡም ብሏል።”

“በደንብ አልታየኝም ብሎ ነው የጀመረው።”

“ቶርሊ፣ ቶርሊ...” አለና ሲጃራውን ለኮሰ። “አጭር ደብዳቤ ጻፍ። አልያዝኩም፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትፈርማለህ፤ አዳራሹ ውስጥ ይለጠፋል። እስከ ነሐሴ አንድ ጊዜ አለህ። ካልሆነ ግን የዘንድሮው ጨዋታህ በዚያው ያበቃል፤ ለከርሞም አትቀጠርም።”

“ደብዳቤውን የፈለገው ሩፐርት ነው?”

“ሚስተር ቻሊስ ለማለት ነው። አዎ።”

የሌላ ካውንቲ ቡድን ይቀጥረኝ እንደሆን ጠየቅኩት። ያለ እነሱ የምስክር ወረቀት ማንም አይቀጥርህም አለኝ። ይህንንም ሲናገር በጣም በትህትና ነው።

እሁድ፣ ሐምሌ 19

ለእማማና ለሄስተር ነገርኳቸው። መንገር አልነበረብኝም፤ ግን መንደሩ ሁሉ ቀድሞ ሰምቶታል።

“አባትህ እጁን ቢቆርጡት እንኳ አይፈርምም ነበር!” አለች እማማ።

“አባዬ ያልፈረመበት ወረቀት ነበር እንዴ?” አለች ሄስተር። “ቤቱን ያጣነው እኮ እሱ ሲፈርም፣ ሲፈርም ነው።”

እማማ ተነስታ ወጣች። ሄስተር ሳህን ማንሳት ጀመረች። ሥራዬን ካጣሁ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን። ይህች ያለንባት ጎጆ ትለቀቃለች። ሄስተር ሊድስ ከተማ ሄዳ የአንድ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ልጆች ታስተምራለች፤ እማማ አክስቴ ቤት ጥገኛ ትሆናለች። አክስቴ ደግሞ... እማማ ከአክስቴ ጋር አንድ ሳምንት አብራ ኖራ አታውቅም።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አልኳት።

“እኔ ምንም አልልም። ይዘኸዋል?”

“ይዤዋለሁ።”

“አውቃለሁ” አለች። “ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።” ሳህኖቹን ይዛ ሄደች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

በመጨረሻ ከሩፐርት ጋር ብቻችንን ሆንን። ወንዝ ዳር ፈረሱን ሲያጠጣ አገኘሁት። ሆን ብዬ ነው የሄድኩት፤ ያጋጣሚ አስመሰልኩት።

“ማንም የለም” አልኩት። “ንገረኝ። አልያዝኩትም?”

 የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገ።

“ይዘኸው ይሆናል፣ ኤድ።”

ኤድ አለኝ። 

“ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?”

“አምና ቢሆን እጠይቅህ ነበር።”

“ያው እኔ ነኝ እኮ!”

“አይደለህም። አትቆጣ... አሁን እኔን ማስወጣት እንጀራህ ነው። እንጀራው የሆነን ሰው እንዴት ቃልህን ስጠኝ ይባላል? ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ፈርምና ይለፍ። እኔ ቂም የለኝም።”

ቂም የለውም! ሰባ አንድ ላይ ወጥቶ መቶ አሥራ ስምንት ያስቆጠረው እሱ፣ ቂም የሌለውም እሱ።

ደህና ዋል ሳልለው ሄድኩ። ከኋላዬ “ኤድ!” ብሎ አንዴ ተጣራ። ከድልድዩ ላይ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ግን ዝም አለ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28

መጋዘኑ ውስጥ ከጄፕሰን ጋር ብቻችንን ነበርን። የተሰነጠቀ ዱላ በክር ይጠቀልላል።

“ይፈርሙ ጌታዬ” አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

“ያላደረግኩትን?”

“እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያነቡልኛል፣ መስቀል አደርግበታለሁ። አንድ ዓመት ሰክሬ ኳስ አበላሸሁ ብዬ ፈረምኩ። የጸሎት ቤት ሰው ነኝ፤ መጠጥ የሚባል በአፌ ዞሮ አያውቅም።”

“ታዲያ ለምን?”

“የሰከሩት አንድ ጌታ ነበሩ። አንድ ሰው መስከር ነበረበት።”

“አላፈርክም?”

“አፈርኩ እንጂ። ምን ጥያቄ አለው? ያን ጊዜ ሰባት ልጆች ነበሩኝ። አሁን አምስት ናቸው።” ክሩን በጥርሱ በጠሰ። “አልፈርምም ማለት የጌቶች ነገር ነው ጌታዬ። ጌትነቱ እርስዎን ገና አልለቀቀዎትም።”

ደሜ ፈላ። “አንተስ? አይተሃል ወይስ አላየህም?” አልኩት።

“እኔ ወርዋሪ ነኝ። ከወረወርኩ በኋላ አጎንብሼ ነው የምቀረው” አለና ሌላ ዱላ አነሳ።

ሲወረውር አያጎነብስም። ሃያ ዓመት አጎንብሶ አያውቅም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 31

ሄስተር ለሊድሱ ሥራ የማመልከቻ ደብዳቤ አርቅቃ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለች። ቢላዋ ስፈልግ አገኘሁት። ዳንቴል መሥራትና ፈረንሳይኛ እችላለሁ ትላለች። ፈረንሳይኛ አትችልም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1

ፈረምኩ።

ሚስተር ዌዘርቢ ጽሕፈትህ ያምራል አለኝ። እማማ ከክፍሏ አልወጣችም። ሄስተር የሊድሱን ደብዳቤ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ቤቱ ሞቆ ነበር። እኔ ግን ሲበርደኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ። ጨዋታው ከረፋድ ጀምሮ ቆሟል። ጌቶቹ በአዳራሻቸው፣ እኛ በመጋዘናችን። ደብዳቤው ከተለጠፈ አራት ቀን ሆኖታል። ጌቶቹ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፤ ሩፐርትማ ዛሬ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ አለፈ። የእኛዎቹን ነበር የፈራሁት።

ስገባ ወሬው ተቋረጠ። አግዳሚው ሞልቷል። ዝናቡ ውስጥ ብቆም ይሻላል ብዬ ልወጣ ስል ጄፕሰን እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“ቁጭ በል” አሉኝ።

ቁጭ በል። ይቀመጡ ጌታዬ አይደለም። መጀመሪያ ሌላ ሰው ያሉ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ዳቧቸውን ለሁለት ገመሱና ግማሹን ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ።

“እስቲ ምን ብለህ እንደጻፍክ ንገረኝ” አሉ። “ሁሉም አንብቦታል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።”

በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድም ሳላስቀር አልኩላቸው፦ “እኔ ኤድመንድ ቶርሊ፣ ሐምሌ 14 ቀን በተደረገው ጨዋታ፣ የሚስተር ቻሊስን ኳስ ሳልይዝ ይዣለሁ በማለቴ መሳሳቴን አምናለሁ፤ ሚስተር ቻሊስንም ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የጎረሱትን አኝከው ዋጡ።

“ውሸታም” አሉ።

ዳቧቸውን አስቀመጡ።

“ያዝከው እኮ! ሁለት ጣትህ ከስሯ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።”

 “እርስዎ ካዩ ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?” አልኳቸው።

እርስዎ ማለቴን የሰማሁት ሌሎቹ ሲስቁ ነው። ጄፕሰን አልሳቁም።

“ፈራሁ” አሉ። “አንተስ ለምን ፈረምክ?”

“ፈራሁ።”

“በል ብላ” አሉኝ።

በላሁ።